ግቢ የሚያማርጠው አባቴ

ሣሩ ስላለቀ ነው። ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ለምን እንደምንዞር የሠፈር ልጆች ሲጠይቁኝ መልሴ ይኸው ነበር፤ ሌላ መልስ መኖሩንም አላውቅም።

ያሳመነኝ አባቴ ቾይጂል ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከጌራችን ደጃፍ ላይ ይቆማል። ጌር የምንለው ያንን ፈርሶ የሚጫነውን ክብ የሱፍ ድንኳናችንን ነው። እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ መሬቱን ቁልቁል ያያል፤ ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርግና «እንግዲህ ናንዲን፣ ሣሩ አለቀ፤ መሄዳችን ነው» ይለኛል። እኔም አጠገቡ ቆሜ ቁልቁል አያለሁ። እውነቱን ነው፤ ሣር የለም። ስንመጣም አልነበረም። የነበረው የከሰል አመድ፣ የቆርቆሮ ቁርጥራጭና የግቢው ውሻ ግጦ የጣለው አጥንት ነው። ሣሩን የሚበላ ከብትም አልነበረንም። በጎቻችንና ፈረሶቻችን በዚያ ክፉ የበረዶ ወራት በቆሙበት ደርቀው ስላለቁ ነበር ወደ ባቡር ጣቢያዋ ከተማ ወደ ቡላግታይ የመጣነው። ግን የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ አገናኝታ አታይም። ዘር ማንዘሯ ሣር ተከትሎ ሲዞር የኖረ ልጅ፣ አባቷ ሣር አለቀ ካላት አለቀ ነው።

እንዲያውም እኩራራ ነበር። በሳንቃ አጥር ታጥረው አንድ ቦታ ተወልደው እዚያው የሚያድጉትን የከተማ ልጆች ሳይ አንጀቴን ይበሉት ነበር። «እናንተ ሁልጊዜ እዚሁ ናችሁ?» እላቸዋለሁ፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «አባታችሁ ሌላ ቦታ አይወስዳችሁም?»

አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ ሳስበው፣ ሣሩ የሚያልቀው ሁልጊዜ ባለግቢው አባቴን አጥሩ በር ላይ ጠርቶ ባነጋገረው ማግስት ነበር። ቡላግታይ በዚያን ጊዜ እንደ ተቦካ ሊጥ እያበጠች ነበር። ከሰል የጫነ ባቡር ሌት ተቀን ያልፋል፣ ከድንበሩ ማዶ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ይጎርፋል፣ ከብቱ ያለቀበት እረኛ ጌሩን ጭኖ ይመጣል። አጥር ያለው ሰው ከአጥሩ ውስጥ ጌር የሚተከልበትን ጥግ ያከራያል፤ የተሻለ የሚከፍል ሲያገኝ የነበረውን ያስለቅቃል። አባቴ ጣቢያው ውስጥ ከሰል የሚያወርድ የቀን ሠራተኛ ነበር። የተሻለ የሚከፍለው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው።

እናቴ ያንጅማ ስለ ሣር አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ገመዱን በጥርሷ እየነከሰች ታስራለች፣ ሳህኖቹን በጨርቅ ትጠቀልላለች፣ ዝም ትላለች። እኔ ጉዞ የማትወድ ሰነፍ ሴት ትመስለኝ ነበር። በዚያ ላይ ሆዷ ገፍቷል፤ ወንድም ወይ እህት ሊወለድልኝ ነው። ስትጎነበስ ታቃስታለች፣ ስትነሳ ታቃስታለች፤ እኔ ደግሞ ፊት ለፊቷ እየዘለልኩ «እማዬ ቶሎ በይ እንጂ፣ መኪናው መጣ!» እላታለሁ። ያን ጊዜ በጥፊ አለማለቷ እስካሁን ይገርመኛል።

የመጨረሻው ጉዟችን በመስከረም መጨረሻ ነበር። ጠዋት ጠዋት የባልዲው ውሃ ስስ በረዶ መያዝ ጀምሯል። ከአባቴ ጋር ከሰል የሚያወርድ አንድ ሰው፣ ከሐዲዱ ማዶ ካለው ግቢው ጥግ ሊሰጠን ቃል ገብቶ ነበርና ጌራችንን አፍርሰን በኦችር የጭነት መኪና ላይ ጫንን። ኦችር ጥርሱ የወላለቀ፣ አፉ የማያርፍ ሾፌር ነው። እናቴ ጋቢና ገባች። እኔ ዕቃው ላይ፣ በምድጃውና በተጠቀለለው ሱፍ መሃል ተሰየምኩ። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ የሰው አጥር ውስጥ ቁልቁል ማየት የሚሰጠውን ደስታ ያላየ አያውቀውም።

ሰውየው ግቢ ደረስን። አባቴ ወርዶ፣ ደጅ የቆመ እንግዳ ሁሉ እንደሚለው፣ «ውሻ ያዙ!» ብሎ ተጣራ። ሰውየው ወጣ፤ ግን በሩን ከፍቶ አልወጣም፣ በጠባቡ ሾልኮ ወጥቶ በጀርባው ዘጋው። እኔ ግን ከላይ ሆኜ ውስጡን አየሁት። ጥጉ ላይ አዲስ ነጭ ልብስ የለበሰ ጌር ተተክሏል፣ ጭስ ይወጣዋል። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ያወራል፤ አባቴ ራሱን ይነቀንቃል። ተመልሶ መጣ።

«ምነው አባዬ?» አልኩት ከላይ።

«አልወደድኩትም» አለኝ ቀና ብሎ ሳያየኝ። «ሌላ እናያለን።»

እኔም ገባኝ። ይህን የመሰለ ጠባብ ግቢ ማን ይወዳል! አባቴ የሚያማርጥ ሰው መሆኑን ያን ዕለት አወቅሁና ደረቴ በኩራት ተነፋ። ከዚያ በኋላ ግቢ ለግቢ መዞር ሆነ። መኪናው ይቆማል፣ አባቴ ይወርዳል፣ «ውሻ ያዙ!» ይላል፣ አንድ ሰው ይወጣል፣ ያወራሉ፣ አባቴ ይመለሳል። አንዱ ጋ «ተይዟል» ሲባል ሰማሁ። ሌላዋ ጋ ሴትየዋ በእጇ ሆድ ሠርታ አሳየችና ወደ ጋቢናው ጠቆመች፤ ያረገዘች ሴት አልፈልግም ማለቷ ነው፤ ለእኔ ግን ሆዷን ያመማት እሷ ራሷ መስላ ታየችኝ። ዛሬ እኔው ራሴ በዚያችው ቡላግታይ ባለሁለት ክፍል ቤት ፍለጋ ከደላላ ደላላ ስዞር፣ «ተይዟል» የምትለዋን ቃል በሰማሁ ቁጥር አባቴ ወደ መኪናው ሲመለስ የሚራመዳት አረማመድ ትታየኛለች። ቶሎ ቶሎ ነበር የሚራመደው፤ ሥራ እንዳለበት ሰው።

እኔም ማገዝ አለብኝ ብዬ ምክር መስጠት ጀመርኩ። ከላይ ሆኜ ግቢውን አይና ድምፄን ከፍ አድርጌ እጮኻለሁ። «አባዬ፣ ይሄም አይሆንም! አመድ ብቻ ነው!» እንደገና ሌላው ጋ፦ «ተወው አባዬ፣ ሣር የለውም፤ ውሻቸውም ከሲታ ነው!»

አንዷ ባለግቢ ለአባቴ ራሷን እየነቀነቀች ሳለ ጩኸቴን ሰምታ ቀና አለች። ደንዳና ሴት ናት፣ እጅጌዋን ሰብስባለች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ አንድ እፍኝ የደረቀ እርጎ ይዛ ወጣችና እግሯን በጎማው ላይ አቁማ እስከ እኔ ድረስ ተንጠራርታ ሰጠችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ግቢዬን ምረጡልኝ ብላ መለማመጧ ነው አልኩ በልቤ፣ እርጎዋን እየቆረጠምኩ። አሳዘነችኝ። ግን ግቢዋ በእውነት አመድ ብቻ ነበር።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ኦችር መኪናውን የመጨረሻው ሠፈር ጫፍ ላይ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጎርፍ የበላው ቦይና ራቁቱን የቆመ ኮረብታ ነው።

«ቾይጂል ወንድሜ» አለ፣ «አንተ ቀኑን ሙሉ ብትዞር መኪናው ግን ነዳጅ ይጠጣል። ጣቢያ የሚጠብቀኝ ጭነት አለ። ወይ አውርድ ወይ ወደነበርክበት ልመልስህ።»

«ወደ የት ነው የምትመልሰን?» አለች እናቴ። ጋቢናውን ከፍታ ወርዳለች። ቀኑን ሙሉ ስትናገር የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ወደ ኮረብታው ተዳፋት ጥቂት ሄደች፣ ዞራ አየች፣ በእግሯ መሬቱን መታ መታ አደረገች። «እዚህ አውርድ» አለችው።

አባቴ ደነገጠ። «ያንጅማ፣ ቀይ ድንጋዮቹን አላየሽም እንዴ? የነጋዴው የዳምባ ቦታ ነው።»

እኔም አይቻቸዋለሁ። ቀይ ቀለም የተቀቡ ድንጋዮች ተዳፋቱን ተከትለው ተደርድረዋል። ለእኛ መምጣት ያሳመሩት መስሎኝ ነበር።

«አይቻለሁ» አለች እናቴ።

«እና?»

«እና ድንጋይ ያለው ሰው መጥቶ ድንጋዩን ይውሰድ። እኔ የምፈልገው መሬቱን ነው።»

«ያንጅማ!»

«ምን ያንጅማ ትለኛለህ! በረዶው ደጅ ላይ ነው። ይሄን ልጅ የት ልውለደው? ኦችር መኪና ላይ?»

ኦችር ጉሮሮውን ጠራርጎ «እኔ አልተቃወምኩም፣ ግን ሱፉ ላይ እንዳይሆን» አለ። ማንም አልሳቀለትም። አባቴ ወደ ሠፈሩ አየ፣ ወደ ኮረብታው አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ የመኪናውን የኋላ መዝጊያ ከፈተ።

ወርጄ ሮጥኩ። ተዳፋቱ ላይ ሣር ነበረ! ቢጫና አጭር ቢሆንም ሣር ነው። አባቴ ቀኑን ሙሉ ያማረጠው ለካ ይህንን ሲፈልግ ኖሯል።

ግድግዳውን ዘረጋን፣ በሩን እንደ ደንቡ ወደ ደቡብ አቆምን። አባቴ ምሰሶዎቹን ይዞ ጉልላቱን ወደ ላይ አነሳ፤ እናቴና ኦችር ወጋግራዎቹን አንድ በአንድ መሰካት ጀመሩ። ኦችር ጣቢያ የሚጠብቀውን ጭነት ረስቶት ነበር። ወደ መንገዱ ባየ ቁጥር ምሰሶው ከአባቴ እጅ ያመልጣል። በርዶት ነው ብዬ ጓንቲውን አምጥቼ ሰጠሁት።

ከአጥሮቹ በላይ ራሶች ብቅ ይላሉ፣ ይጠፋሉ። በሮች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ማንም ግን አልመጣም። እኔን ያናደደኝ ይህ ነው። ባላገር ሳለን ጌር የሚተክል ሰው የራሱን ሻይ አፍልቶ አይጠጣም ነበር። ከሩቅ ጌር ሲተከል ያየ ሁሉ ጨው የገባበትን የወተት ሻይ በፔርሙስ ሞልቶ፣ የሚበላ ነገር ይዞ ይመጣል፤ እንኳን ደህና መጣችሁ የሚባለው በሻዩ ነው። ሻይ የመጣለት ሰው ጎረቤት ሆነ ማለት ነው። ከተማ ከገባን ወዲህ ግን በየግቢው ስንተከል አንድም ፔርሙስ አላየንም። ስጠይቃት እናቴ «የከተማ ሰው ሥራ ይበዛበታል፣ አላየን ይሆናል» ትለኝ ነበር።

እነዚህኞቹ ግን አይተውናል! ራሳቸውን አይቼዋለሁ። ስለዚህ ትላልቆቹ በወጋግራ ሲጨነቁ ወደ መጀመሪያው አጥር ሄድኩና «ውሻ ያዙ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ውሻ የለኝም፤ ምንድን ነው?» የሚል ድምፅ መጣ። በሩ ላይ የቆመችው ፊቷ የተጨማደደ፣ ወገቧን በገመድ የታጠቀች አሮጊት ናት። ፓግማ ትባላለች፤ ያኔ ግን አላውቃትም።

«እማማ፣ ጌር እየተከልን ነው።»

«አይቻለሁ።»

«ሻዩ ገና አልመጣም።»

ወደ ጌራችን አየች፣ ወደ ታች ወደ መንገዱ አየች። «ማነው የላከሽ? እናትሽ ናት?»

«ማንም አልላከኝም። ረስታችሁት እንደሆነ ብዬ ነው።»

ያን ሻይ ማንም ሰው ጠይቆ አያውቅም። መጠየቅ ማለት ሰውየውን ፊት ለፊት አንተ ሰው አይደለህም እንደማለት ነው፤ ትልቅ ሰው ቢያደርገው ደም ያፋስስ ነበር። የሠፈሩ ሰው ደግሞ የሚደበቅበት ምክንያት ነበረው። ሁሉም እንደኛ ተባረው ተባረው መጨረሻ ላይ እዚያ ጥግ ያለፈቃድ የሠፈሩ ናቸው። ዳምባ የተባለው ነጋዴ ድንጋዩን ቀብቶ ሲደረድር «ከእንግዲህ አንድ ጌር ከተጨመረ የእናንተንም አስፈርሳለሁ» ብሏቸዋል። ይህን የነገረችኝ ራሷ እማማ ፓግማ ናት፤ ካደግሁ በኋላ። ያን ዕለት ግን ከበሩ አጠገብ ባለው ግንድ ላይ ቁጭ አለችና ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሰባት።»

«ጉድ እኮ ነው» አለች ለራሷ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሬ ኖሬ በሰባት ዓመት ልጅ ልሰደብ!»

ተነስታ ገባች። ስትወጣ አበባ የተሳለበት ትልቅ ፔርሙስ ይዛለች። ብብቷ ውስጥ ልትደብቀው ትችል ነበር፤ እሷ ግን ከፍ አድርጋ ያዘችውና በሠፈሩ መሃል ሄደች፣ በየአጥሩ እየቆመች። «እናንተ! ሻይ የላችሁም? እንግዳ ውጭ ቆሞ እናንተ በቀዳዳ ታያላችሁ? እንዴት ያለ ቀን ላይ ደረስን እናንተ!»

መጀመሪያ አንዲት ሴት ወጣች። ከዚያ ባልና ሚስት። ከዚያ የወጡትን ያዩ ሁሉ ወጡ። ጌራችን ገና ግማሹ ነበር ሱፍ የለበሰው፣ ነፋሱ በጎን ይገባል፤ እነሱ ግን ገብተው በክብ ተቀመጡ። ሻይ በጎድጓዳ ሳህን ተቀዳ፣ የተጠበሰ ሊጥ ወጣ። እናቴ ሳህኑን ስትቀበል እጇ ላይ እንባ ጠብ አለ። ጭሱ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ምድጃው ግን ገና አልተለኮሰም ነበር።

ዳምባ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ጂፑን ቁልቁል አቁሞ፣ የቆዳ ካፖርቱን እያወዛወዘ መጣና በበሩ ገባ። ሁሉም ሳህናቸውን አስቀመጡ። እኔ የዚህ ሠፈር ትልቅ ሰው እሱ መሆን አለበት አልኩ፤ ምክንያቱም አባቴ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በስተሰሜን፣ የክብር እንግዳ በሚቀመጥበት ቦታ አስቀመጠው። እናቴ ሳህን ሞልታ ለእኔ ሰጠችኝ። በሁለት እጄ ይዤ አቀረብኩለት።

«ይሄ ቦታ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አለ ሳህኑን ሳይቀበል።

«መጀመሪያ ጠጣ ልጄ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው እማማ ፓግማ። «ልጅቷም እጇን ዘርግታ ቆማለች።»

ዳምባ እኔን አየ፣ ዙሪያውን አየ። ከልጅ እጅ ሻይ አልቀበልም ማለት እንዴት ይቻላል? ተቀበለ። ጠጣ። ጥሩ ሻይ ነው አለ፣ ሳይወድ። ከዚያ ተነስቶ አባቴን በዓይኑ ጠራው።

ተከትያቸው ወጣሁና ከተጠቀለለው ሱፍ ኋላ ቆምኩ። ምን እንደተነጋገሩ ነፋሱ ወሰደው። አባቴ ብቻ ከወገቡ የሐር ከረጢቱን ፈታና የሱረት ብልቃጡን አወጣ። ቡናማ መስመር ያለበት ከከበረ ድንጋይ የተቦረቦረ፣ ከአያቱ የመጣ ብልቃጥ ነው፤ ከከብቶቻችን ጋር ያላለቀብን ውድ ነገር እሱ ብቻ ነበር። በቀኝ መዳፉ ላይ አድርጎ ለዳምባ አቀረበለት። እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ሁለት ወንዶች ሲገናኙ ብልቃጣቸውን ይለዋወጣሉ፣ ያሸታሉ፣ ይመልሳሉ። ዳምባ ተቀበለው። ወደ ፀሐይዋ አዙሮ አየው። ከዚያ የካፖርቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«በረዶው እስኪያልፍ ድረስ» አለ። «ከዚያ በኋላ አላውቃችሁም።»

ወደ ጂፑ ሄደ። አባቴ ባዶውን ከረጢት ይዞ ቀረ።

ረስቶ ነው! እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ብልቃጡን ሳይመልስ መሄዱን ሲያውቅ እንዴት ያፍር! አባቴ ደግሞ በይሉኝታ አፉን ይዞታል። ሮጥኩ። «ጋሼ! ጋሼ! የአባቴን ብልቃጥ ረስተው ወሰዱት!» የነበረኝን ድምፅ ሁሉ አወጣሁት። «ጋሼ፣ ብልቃጡን! ኪስዎ ውስጥ ነው!»

ከጌሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወጣ። ዳምባ የጂፑን በር እንደያዘ ቆመ።  በእኛ አገር የጠላትህን ብልቃጥ እንኳን አሽትተህ ትመልሳለህ፤ የሰው ብልቃጥ ይዞ የሄደ ሰው ክፉ ስሙ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ደግሞ «እሱ ራሱ ሰጠኝ» ቢል፣ ለምን ሰጠህ ሊባል ነው። ያ መሬት የዳምባም አልነበረም። ድንጋይ ቀብቶ ከመደርደሩ በቀር አንድም ወረቀት በእጁ የለም፤ የማንም ያልሆነውን መሬት ሲሸጥ በሠፈሩ ሰው ሁሉ ፊት ሊያዝ ሆነ። ይህን ያኔ እዚያ ከቆሙት መሃል ያልገባት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ውይ፣ ረሳሁት» አለ ዳምባ። ብልቃጡን አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው። ጭንቅላቴን ዳበሰኝ፤ እጁ ከበደኝ።

«አይ ዳምባ» አለች እማማ ፓግማ፣ «እርጅናው ሳይመጣ ነው እንዴ መርሳት የጀመርከው?»

አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። የዳምባ ፊት ከድንጋዮቹ ባልተናነሰ ቀላ። ጂፑ ውስጥ ገብቶ በመስኮት ወደ አባቴ ጮኸ፦ «ቾይጂል! ሰው ይዤ እመጣለሁ!»

ወደ እናቴ በረርኩ። «እማዬ፣ ደግሞ እንግዳ ይዞ ሊመጣ ነው! ሻይ ጨምሪ!»

ብልቃጡን እንደተማርኩት በሁለት እጄ ለአባቴ ሰጠሁት። አልሳመኝም፣ አላመሰገነኝም። ፊቱ አመድ መስሏል። ጎረቤቶቹ ፔርሙሳቸውን እየሰበሰቡ አንድ በአንድ ሄዱ፤ ኦችርም ኪራዩን ሳይጠይቅ መኪናውን አስነስቶ ወረደ። አባቴ ብልቃጡን ጨብጦ ወደ መንገዱ ወረደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ።

«ቤቱ ድረስ ወስጄ ልስጠው» አለ። «ማንም ሳያይ። ነገ ጠዋት መጥቶ ከሚያፈርስብን።»

«ስጠው» አለች እናቴ፣ ሱፉን በገመድ እየጠፈረች። «በረዶው ሲያልፍ ደግሞ ምን ትሰጠዋለህ? እኔን?»

አባቴ እንደገና ወረደ። እዚያ ታች ድረስ ሄዶ ሲያንስ ሲያንስ አየሁት። እኔ ደስታው እግሩን አላስቀምጠው ብሎት መስሎኝ፣ እጄን አውለበለብኩለት። እሱም ዞር ብሎ አየኝ፤ ብዙ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ተመለሰ። በእኛ በኩል ግን አልመጣም፣ ወደ እማማ ፓግማ በር ሄደ።

«እማማ፣ ዲጂኖ ይኖርዎታል?»

«ዲጂኖም አካፋም አለ» አለችው። የጠየቀችው ነገር የለም። ዲጂኖውን ራሷ እየጎተተች አመጣችለት፤ ሁለት ሰዎች ደግሞ ከባቡር ሐዲዱ የተነቀለ አሮጌ ግንድ ለአጥር ምሰሶ ተሸክመው መጡ።

አባቴ መሬት ሲቆፍር አይቼ አላውቅም ነበር። እኛ መሬት አንወጋም። በዱላ አፈር የጫረ ልጅ ይቀጣል፤ ከአንድ ቦታ ስንነሳ የፈረስ ችካል የነበረበትን ቀዳዳ እንኳን አባቴ ተንበርክኮ በእጁ ይደፍነዋል። እናም አሁን ይኼው ሰው ዲጂኖውን ከራሱ በላይ እያነሳ መሬቱን ይወጋል። ድንጋዩ ብልጭታ ይተፋል። አባቴ ያበደ መሰለኝና ማልቀስ ጀመርኩ። እናቴ ከጎረቤት የተረፈ ወተት በሳህን ይዛ መጣች፤ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ በችግር ተንበርክካ፣ ይቅርታ እየለመነች ጠብ ጠብ አደረገችበት። ከዚያ «ቀጥል» አለችው።

ዳምባ እንዳለው ሰው ይዞ መጣ፤ በማግስቱ ሳይሆን ከሳምንት በኋላ። የጠበቀው አንድ ጌር ነበር፤ ያገኘው በሦስት ጎን የቆመ አጥር፣ በአራተኛው በኩል የቆመ አባቴን፣ ከአባቴ ጎንና ጎን ደግሞ የሠፈሩን ሰው ነው። ወረቀትህን አሳየን አሉት። ብዙ ተሳደበ፣ ሄደ። ወንድሜ በረዶው መሃል ጌሩ ውስጥ ተወለደ፤ በሚቀጥለው ዓመት መሬት የሚለኩ ሰዎች ሲመጡ በአጥሩ ውስጥ ስንኖር አገኙንና ቦታው በስማችን ሆነ። ዛሬ ወንድሜ እዚያ ቤት ሠርቶ ይኖራል። አባቴ ግን በሕይወት እስካለ ድረስ መኪና ባለፈ ቁጥር ከተቀመጠበት ይነሳ ነበር፤ እኔም የወረስኩት እሱን ነው መሰለኝ፣ የትም ቤት ተቀምጬ የበሩን ድምፅ እሰማለሁ።

ያን ዕለት ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። ግንዱ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ አየሁ። አባቴ አቅፎ ቀጥ አድርጎ ያዘው፤ እናቴ አፈሩን በእግሯ መለሰችበት።

«ናንዲን፣ ነይ እርገጪው» አለኝ አባቴ። «ጠበቅ አድርገሽ።»

እንባዬን ጠርጌ መርገጥ ጀመርኩ። አንድ ነገር ግን አልዋጥልሽ ብሎኝ ቆም አልኩ።

«አባዬ፣ ስንሄድ ይሄን እንዴት አድርገን ነው የምንነቅለው?»

አባቴ ግንዱን አየ። እናቴን አየ። ከዚያ ጂፑ ወደ ሄደበት ወደ ታች አየ።

«እሱንማ ለዳምባ ተይለት» አለኝ። «ሰው ይዤ እመጣለሁ ብሏል አይደል?»

እናቴ ሳቀች። ቡላግታይ ከገባን ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ሆዷን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ግንዱን ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ አባቴም ሳቀ፤ እማማ ፓግማም ወሬው ሳይደርሳት ከአጥሯ ማዶ አብራ ሳቀች። እኔ ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም። ግን ሁሉም ደስ ስላላቸው፣ ያን አፈር ባለ በሌለ ኃይሌ እረግጠው ጀመር።